ቆሻሻው ይልቀቅ፣ አንበሳው ይቆይ፦ የድሮ ሳንቲሞችን በጥንቃቄ ማጽዳት

ዘጌ የሚገኘው የአያቴ ቤት ሲታደስ አሮጌው መደብ ፈረሰ። ከሥሩ አንድ ትንሽ ገንቦ ወጣ። ገንቦው ውስጥ የቆዳ ከረጢት፣ ከረጢቱ ውስጥ ደግሞ አስራ ሰባት ጠገራ ብር ነበር። አያቴ ቡና እየሸጠች ያጠራቀመችው ነው። አንዳንዱ ጠቁሯል፣ አንዳንዱ አረንጓዴ አውጥቷል፣ ከገንቦው አፍ አካባቢ የነበሩት ደግሞ በአፈርና በአይጥ ኩስ ተለውሰዋል።

ወደ ባህር ዳር ይዤው መጣሁ። ያኔ የማውቀው ማጽጃ እናቴ ድስት የምትፈትግበትን ብቻ ነበር፤ አመድና ሎሚ። አንዱን የምኒልክ ብር አንስቼ ግቢያችን ውስጥ ባለው ቧንቧ ሥር ፈተግሁት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንደ መስታወት አበራ። ደስ አለኝ። ከወራት በኋላ ለአንድ የጥንት ገንዘብ ሰብሳቢ አሳየሁት። በአጉሊ መነጽር አየና «ይሄማ ተፈትጓል» አለኝ። እኔም አየሁት። የአንበሳው ጋማ ላይ የነበሩት ጥቃቅን መስመሮች ለስልሰዋል። ምስል በሌለበት የሳንቲሙ ሜዳ ላይ በመቶ የሚቆጠር ቀጭን ጭረት አለ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ነገር በአምስት ደቂቃ አበላሸሁት። እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንዲህ እንዳይሆን ነው። ሁለተኛም ምክንያት አለኝ። ያን ቀን ከአይጥ ኩስ ጋር ያለ ጓንት፣ ያለ ማስክ ነበር የሠራሁት። ሳንቲም ስናጸዳ ሁለት ነገር እንጠብቃለን፤ ራሳችንን እና ሳንቲሙን። ቅደም ተከተሉም እንደዚያው ነው።

መጀመሪያ፦ የት እንደነበረ ጠይቁ

ሳንቲሙን ከመንካታችሁ በፊት ከየት እንደመጣ እወቁ። አንድ ሳንቲም አደገኛ የሚሆነው በራሱ ሳይሆን አብሮት በከረመው ነገር ነው።

ከአፈር የወጣ ከሆነ የቴታነስ ጀርም ሊኖርበት ይችላል። እጃችሁ ላይ ቁስል ወይም ጭረት ካለ በፕላስተር ሸፍኑትና ጓንት አድርጉ። ከሽንት ቤት ጉድጓድ ወይም ከፍሳሽ ቦይ የወጣም እንደዚሁ።

የአይጥ ወይም የሌሊት ወፍ ኩስ ካለበት ደረቁን አትጥረጉት፣ እፍ አትበሉት፣ አታራግፉት። አቧራው ወደ ሳንባ ይገባል። የሌሊት ወፍ ኩስ ሳንባን የሚያሳምም ፈንገስ ሊኖረው ይችላል። በሳሙና ውሃ አርጥቡት፣ አስር ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ አንሱት። ማስክ አድርጉ።

ብዙ ሰው የማያስበው ግን ጎተራው ነው። በእኛ አገር ገንዘብ እህል ውስጥ መደበቅ የቆየ ልማድ ነው። እህሉ ውስጥ ደግሞ ለነቀዝ መድኃኒት ይደረጋል። የነቀዝ ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የአየሩ እርጥበት ብቻ ይበቃዋል። ሽታው ነጭ ሽንኩርት ወይም የተበላሸ ዓሣ ይመስላል። ጋዙን ጨርሶ ሲያወጣ ግራጫ ዱቄት ይቀራል። ያ ዱቄት ውስጥም ያልጨረሰ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከጎተራ ወይም ከጆንያ የወጣ ሳንቲም ላይ ግራጫ ዱቄት ካያችሁ ቤት ውስጥ ውሃ አታፍሱበት። ሎሚማ ጭራሽ። ደጅ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ልጆችና ዶሮዎች በማይደርሱበት አስቀምጡት። ክኒኑ ራሱ ገና ሳይፈርስ ካገኛችሁት ደግሞ አትንኩት። ከክፍሉ ውጡ፣ በሩን ክፍት ተዉት፣ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጥሩ። ሳንቲሙ የትም አይሄድም።

ነጭ ዱቄትም አለ። ድሮ ለወባ ቤት ሲረጭ የነበረው ዲዲቲ በየቤቱ ተርፎ ለቅማልም ለተባይም ሲነሰነስ ኖሯል። ዲዲቲ በውሃ አይሟሟም፣ በዘይት ግን ይሟሟል። በዘይት ሲሟሟ ደግሞ በቆዳ በኩል በቀላሉ ይገባል። ምን እንደሆነ ያላወቃችሁት ነጭ ዱቄት ያለበትን ሳንቲም በምንም ዓይነት በዘይት አትንከሩ። ጓንት አድርጋችሁ በሳሙና ውሃ ብቻ አስለቅቁት። የጠረጋችሁበትን ጨርቅ በድርብ ፌስታል አስራችሁ ጣሉት።

ከእርሻ ወይም ከመሠረት ቁፋሮ ድንገት የወጣ ጥንታዊ ሳንቲም ከሆነ ግን እዚህ ላይ አቁሙ። ማጽዳት የእናንተ ሥራ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በድንገት የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው አካል እንዲነገር ያዝዛል። እዚያው ካለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጀምሩ። ከሕጉም ባሻገር ምክንያት አለው። አንዳንድ የአክሱም የነሐስና የብር ሳንቲሞች በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ በስስ ወርቅ ተለብጠዋል። እንዲህ ያለ ሥራ በዚያ ዘመን በሌላ አገር ሳንቲም ላይ የተለመደ አልነበረም። በአፈር ተሸፍኖ ስለሚቆይ አይታይም። አንድ ጊዜ በሎሚ ቢታሽ ከአፈሩ ጋር ይሄዳል።

ቀጥሎ፦ ምን እንደያዛችሁ እወቁ

በየቤቱ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ማርያ ቴሬዛ። የኦስትሪያዋ ንግሥት መልክ ያለበት፣ ትልቋ ሴትዮ። ወደ 28 ግራም ይመዝናል፣ ከመቶው 83ቱ ገደማ ብር ነው፣ ቀሪው መዳብ። ሁሉም ላይ 1780 የሚል የአውሮፓ ዓመት አለ፤ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም በዚያው ዓመት በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ሲመታ ኖሯል። ጠርዙ ላይ በላቲን «ፍትህና ምህረት» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ አለ። ድሮ ነጋዴው ብሩን ከመቀበሉ በፊት የሴትዮዋን ጌጥ፣ የዘውዷንና የትከሻዋን ፈርጦች በጣቱ እየዳሰሰ ያይ ነበር። ፈርጡ ካልታየ አልቀበልም ይላል። እናንተም ፈትጋችሁ የምታጠፉት መጀመሪያ እነዚያኑ ፈርጦች ነው።

የምኒልክ ብር። ክብደቱም ስፋቱም ከማርያ ቴሬዛ ጋር ይቀራረባል። መጀመሪያ የተመታው በፓሪስ ነው፣ ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር 1887 ይላል። በአንድ በኩል የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሌላው ባንዲራ የያዘው ዘውዳም አንበሳ። ከእሱ የሚያንሱት አላድ፣ ሩብና ግርሽም የብር ናቸው፤ ቤሳ ግን መዳብ ነው።

የጃንሆይ ሳንቲሞች። ቀዩ መዳብ አንድ፣ አምስት፣ አስርና ሃያ አምስት ሳንቲም ነው። ስሙኒው ጠርዙ እንደ አበባ የተከረከመ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ሃምሳ ሳንቲሙ ግን ከብር የተሠራ ነው። እነዚህም ላይ ለብዙ ዓመት አንድ ዓመት ብቻ ነው የተጻፈው፣ 1936፣ በግዕዝ ቁጥር።

የደርግ ጊዜዎቹ 1969 ይላሉ። አንዷ ሳንቲም ቀላል አሉሚኒየም፣ አምስትና አስሩ ቢጫ ናስ፣ ሃያ አምስትና ሃምሳው ነጭ የመዳብና የኒኬል ድብልቅ። ከዚያ በኋላ የወጡት ተመሳሳይ መልክ ይዘው ውስጣቸው ብረት የሆነ አሉ፤ ማግኔት ይስባቸዋል። እነዚህ ውሃ ውስጥ ከቆዩ ይዝጋሉ፣ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ አትዘፍዝፏቸው።

ማግኔትና የወርቅ ቤት ሚዛን ካገኛችሁ ሥራው ቀለለ። ጠገራ ነው ተብላችሁ ማግኔት ከሳበው ጠገራ አይደለም።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ስስ የላስቲክ ጓንት፣ ማስክ፣ የዓይን መነጽር። ሁለት ሦስት የማርማላታ ጠርሙስ። ላርጎ። ስቴኪኒ። ያረጀ፣ ብዙ ጊዜ የታጠበ ነጠላ ቁራጭ፤ ከዚህ የተሻለ ለስላሳ ጨርቅ አላገኘሁም። ጥለቱን ቁረጡት፣ ጥለቱ ቀለምም ሸካራ ክርም አለው። ከሥራችሁ በታች ወፍራም ፎጣ ዘርጉ፤ ጠገራ ከእጅ አምልጦ ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ ጠርዙ ይጎደጉዳል።

ውሃው ላይ ትንሽ ልቆይ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ ለመጀመሪያው እጥበት ይሆናል፣ ለመጨረሻው ግን አይሆንም፣ በተለይ ለመዳብ። የሚያስፈልጋችሁ የተጣራ ውሃ ነው። ባህር ዳር ላይ እሱን የማገኘው ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ወይም ከነዳጅ ማደያ ነው፤ የባትሪ ውሃ ብላችሁ ጠይቁ። ግን ተጠንቀቁ። እዚያው መደርደሪያ ላይ የባትሪ አሲድ አለ፣ ጠርሙሱ ይመሳሰላል፣ አንዳንዴም ሻጩ «የባትሪ» ስትሉት አሲዱን ያነሳላችኋል። አሲዱ ዓይን ያጠፋል፣ ቆዳ ያቃጥላል። ቤት ስትደርሱ መነጽራችሁን አድርጋችሁ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ሳህን ላይ አድርጉና ሁለት ጠብታ ጣሉበት። ከተንጨረጨረና አረፋ ካወጣ አሲድ ነው። ዝም ካለ ውሃ ነው። እኔ ሁልጊዜ ይህን ሳላደርግ ክዳኑን ደግሜ አልከፍትም።

የጣናን ውሃስ? የሀይቁ ዳር ቅርብ ነው፣ ሳንቲም ይዞ ወርዶ ማጠብ ያምራል። አታድርጉት። ዳር ዳሩ ላይ፣ በተለይ ደንገልና ሣር ባለበት፣ ብልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች አሉ። ትሉ የሚገባው በመጠጣት አይደለም፤ ውሃው ውስጥ በቆመ እግርና በተነከረ እጅ ቆዳ በኩል ነው። ከሳንቲሙ የሚለቀቀውም ቆሻሻ ወደ ሀይቁ መግባት የለበትም። በእምቦጭ የተቸገረ ሀይቅ ነው፣ የእኛን አንጨምርበት።

ደረጃ አንድ፦ መዘፍዘፍ

ሳንቲሞቹን በማዕድናቸው ለዩ። ብር ለብቻ፣ መዳብ ለብቻ፣ አሉሚኒየም ለብቻ። የተለያየ ማዕድን አንድ ውሃ ውስጥ አብሮ ሲቀመጥ አንዱ ሌላውን ያዝገዋል። በየጠርሙሱ ለብ ያለ ውሃና ሁለት ጠብታ ላርጎ አድርጉ። ሳንቲሞቹ አይደራረቡ። ሁልጊዜ በጠርዙ ያዙ፣ በፊቱ አይደለም።

ተራ እጅ ያቆሸሸው ከሆነ፣ ለምሳሌ ባጃጅ ላይ ስትቀበሉት የኖራችሁት አንድ ብር፣ አስር ደቂቃ ይበቃዋል። ጣታችሁን አርጥባችሁ በቀስታ ዳስሱት፣ አለቅልቁት፣ አድርቁት። አለቀ።

አፈር የጋገረበት ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። የሳሙናውን ውሃ በተጣራ ውሃ ቀይሩትና ተዉት። ነገ ቀይሩት። ከነገ ወዲያም። የአያቴን ጠገራዎች ስምንት ቀን ነው ያቆየኋቸው። በአራተኛው ቀን አንዱን ሳነሳው ከማርያ ቴሬዛ አንገት ሥር እንደ ቅርፊት የተጣበቀ ጭቃ ነበር። በስቴኪኒው ጫፍ ነካ አደረግሁት፣ ሙሉውን እንደ ምስር ቅጠል ለቀቀና ወደ ውሃው ወረደ። ሥሩ ያለው ፈርጥ እንደ ትናንት ነበር። ታዲያ ስቴኪኒውን ከመጠቀማችሁ በፊት ጫፉን ውሃ አስጠጡት። ደረቅ እንጨት ይጭራል። መርፌ፣ ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽ አይሆኑም። የሕፃን ብሩሽ እንኳ በብር ፊት ላይ ምልክት ይተዋል።

ደረጃ ሁለት፦ ጀርሙን መግደል

ከሽንት ቤት፣ ከፍሳሽ ወይም ከኩስ ጋር የተገናኘ ከሆነ ከሳሙናው በኋላ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ አስር ደቂቃ አስቀምጡት። ኮሮና ጊዜ በየቤቱ የገባው ያው አልኮል ነው፤ ጄሉ ሳይሆን ፈሳሹ። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ አልኮል ሥራውን በደንብ አይሠራም።

በረኪና አይሆንም። ብርን ወዲያው ያጠቁራል፣ መዳብን ይበላል። በረኪናን ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር መቀላቀል ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። በተዘጋ ኩሽና ውስጥ ይህ ጋዝ ሰውን ሆስፒታል ያስገባል። «ሎሚው አልሠራም፣ እስቲ በረኪና ልጨምር» ማለት በጣም የተለመደ ስህተት ነው። እባካችሁ ይህን ለልጆቻችሁም ንገሩ።

ደረጃ ሦስት፦ ቅባትና የፕላስቲክ ልቃቂ

ከቆዳ ከረጢት የወጣ ሳንቲም ቅባት ይኖረዋል። ለስላሳ ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ደግሞ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ልጋግ ያወጣል። ያ ፕላስቲክ ሲያረጅ አሲድ ይለቃል፣ አሲዱ ሳንቲሙን ይበላዋል። ሁለቱንም የሚያስለቅቀው ንጹህ አሴቶን ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ሽቶና ቀለም የተጨመረበት ስለሆነ የታሸገበትን አንብቡ፤ አሴቶን ብቻ የሚለውን ፈልጉ።

አሴቶን እሳት ይወዳል። እንፋሎቱ ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬት ይሄዳል። የቡና ከሰል በተቀጣጠለበት ቤት፣ ዕጣን በሚጨስበት ሰዓት፣ ሻማ ባለበት አትክፈቱት። ደጅ ሥሩ። የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ አድርጉ፣ ፕላስቲክ ይሟሟል። ሳንቲሙን ለጥቂት ሰዓት ክዳን አድርጋችሁ ተዉት፣ አውጡና በአዲስ አሴቶን አንዴ አለቅልቁት። በጨርቅ አትሹት፣ ራሱ በሰከንዶች ይደርቃል። የተጠቀማችሁበትን ፈሳሽ ሲንክ ውስጥ አትድፉ፤ ከእሳት ርቆ ደጅ ይትነን።

ጥቁሩንና አረንጓዴውን ምን እናድርገው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም። ጥቁሩን ተዉት።

ብር የሚጠቁረው በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ ነው። የምድጃ ጭስ፣ የሱፍ ጨርቅ፣ የቡታንቲ ላስቲክ ሁሉ ያጠቁሩታል። ያ ጥቁር ቆሻሻ አይደለም። ስስ ሽፋን ነው፣ በዓመታት የተሠራ፣ ሥሩ ያለውን ብር የሚጠብቅ። ሰብሳቢ የሚፈልገውም እሱን ነው። እኔ ዓይኔ እያየ ያጠፋሁት እሱን ነበር።

ጠገራው የአንገት ጌጥ ከሆነ፣ ቀለበት ተበይዶበት ክር ከገባበት፣ ያ ሌላ ነው። ጌጥ ያምራል፣ ይለበሳል፣ ቢያበራ መብቱ ነው። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ የአሉሚኒየም ፎይል አንጥፉ፣ ጌጡን ፎይሉን እንዲነካ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ አንድ ሊትር ሙቅ ውሃና አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ። መስኮት ክፈቱ፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ድኙ ከብሩ እየለቀቀ ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። መፈተግ የለም። ዕንቁ ወይም ሙጫ ካለበት ግን አይሆንም። ለሰብሳቢ የምታሳዩትን ሳንቲም በዚህ አታጽዱ፣ የሞተ ነጭ መልክ ይሰጠዋል።

አረንጓዴው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጠንካራ፣ ጠቆር ያለ፣ ለስላሳ ሆኖ የተቀመጠ። እሱ መዳቡ ያወጣው ነው፣ አይንቀሳቀስም፣ ተዉት። ሁለተኛው ፈዛዛ አረንጓዴ፣ እንደ ዱቄት የሚረግፍ፣ ዛሬ ብታነሱት ከሳምንት በኋላ ተመልሶ የሚወጣ። ይህ በሽታ ነው ብላችሁ ውሰዱት። መዳቡ ውስጥ የገባ የጨው ዓይነት ከእርጥበት ጋር እየተገናኘ ሳንቲሙን ከውስጥ ይቆፍረዋል። ወዲያውኑ ከሌሎቹ ለዩት፣ ለብቻው በደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ውድ ከሆነ ሙዚየም ውስጥ ቅርስ የሚጠግን ባለሙያ ይየው።

በመዳብ ስሙኒ ላይ የተጋገረ አፈር በውሃ እምቢ ካለ ፋርማሲ የሚሸጠው ፈሳሽ ፓራፊን አለ፣ ለሆድ ድርቀት የሚሰጠው። እሱ ውስጥ ለሳምንታት አቆዩት፣ አልፎ አልፎ በእርጥብ ስቴኪኒ ሞክሩት። በመጨረሻ ዘይቱን በአሴቶን አስለቅቁ። የወይራ ዘይት የሚመክሩ አሉ፤ እየቆየ አሲድ ያወጣል፣ የመዳቡንም ቀለም ይለውጣል።

ሎሚ፣ አቼቶ፣ ኮካ፣ የጥርስ ሳሙና፣ አሸዋ፣ አመድ፤ ሁሉም ወይ ይበላሉ ወይ ይፍቃሉ። የባትሪ አሲዱን ማንሳት እንኳ አልፈልግም፣ ግን «አንጥረኛ እንዲህ ያደርጋል» የሚል ሰው ስለማይጠፋ አነሳሁት። አንጥረኛው ብሩን ሊያቀልጠው ነው። እናንተ ልታቆዩት ነው።

ማድረቅና ማስቀመጥ

በተጣራ ውሃ ሁለት ጊዜ አለቅልቁ። ነጠላው ላይ አስቀምጡትና በሌላኛው ጫፍ ከላይ ጫን ጫን አድርጉ። አትሹ። ገልብጡትና ድገሙ። ከዚያ በጥላ ሥር አንድ ሁለት ቀን ይቆይ፤ በፊደሎቹ መካከል የተደበቀ ውሃ በእጅ አይደርቅም። ክረምት ላይ ከሆነ አራት ቀን አድርጉት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የባህር ዳር አየር ልብስ እንኳ አያደርቅም። የሚቻል ከሆነ ይህን ሥራ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሥሩት።

እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ጓንት ብታደርጉም። የሠራችሁበትን ጠርሙስ ለምግብ አትመልሱት። ትንንሽ ልጆች ካሉ እየደረቀ ያለውን ሳንቲም ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ልጅ ሳንቲም ሲያይ ወደ አፉ ነው።

ለማስቀመጥ እያንዳንዱን ለየብቻ በንጹህ ነጭ ወረቀት ፖስታ ውስጥ አድርጉ። ፕላስቲክ ከፈለጋችሁ ጠንከር ያለውንና ሽታ የሌለውን ምረጡ። አዲስ የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ የሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክ አረንጓዴ ልጋጉን የሚያመጣው እሱ ነው። በላስቲክ አትሰሯቸው፣ ወደ ቆዳ ከረጢቱም አትመልሱ። ከረጢቱን ለብቻው አስቀምጡት፣ እሱም የአያት ነው። ፖስታዎቹን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ቆርቆሮ ውስጥ አድርጉና አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ሁለት ሦስት ጣሉበት። ቆርቆሮው ኩሽና ወይም ቡና የሚፈላበት ክፍል አይቀመጥ።

በየፖስታው ላይ በእርሳስ ጻፉ፤ ከየት እንደተገኘ፣ ከማን ጋር እንደነበረ፣ መቼ እንዳጠባችሁት። እኔ የፈተግሁት የምኒልክ ብር ፖስታ ላይ «በአመድና በሎሚ ታጥቧል» ብዬ ጽፌአለሁ፤ ከእኔ በኋላ የሚያየው ሰው እንዳይሳሳት።

ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ቆርቆሮውን ክፈቱና አንድ በአንድ እዩ። እርጥበት መጣጩን በአዲስ ለውጡ። ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ያወጣ ካለ ዕለቱኑ ከሌሎቹ ለዩት።